ረቡዕና ዓርብ ግማሽ

ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ያየችው ፌስታሉን ነው። እኛን ገና በደንብ ሳታይ «መድኃኒቶቹን በሙሉ ይዛችሁ መጣችሁ?» አለች። ጥቁሩን ፌስታል አቀበልኳት። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። አንድ ሰው የሚውጠው አይመስልም። ዲጎክሲን። ላዚክስ። ኦሜፕራዞል ሁለት ካርቶን፣ አንዱ ጊዜው ያለፈበት። የጎረቤት ዳይክሎፌናክ። በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን። ተጀምሮ የተተወ ሜትሮኒዳዞል። ከነዚህ ሌላ ሁለት ካርቶኖች ነበሩ፤ ኪኒኖቻቸው በቀለምም በመጠንም አይመሳሰሉም። እማዬ አንዱን «የልብ»፣ አንዱን «የደም» ትላቸዋለች። ፋርማሲስቷ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠችና ስማቸውን በጣቷ እየተከተለች አነበበችልን። ሁለቱም ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ናቸው። የሚለያዩት በፋብሪካ ብቻ ነው።

እማዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዱን መድኃኒት እጥፍ አድርጋ ስትውጥ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ በየማታው ውሃ አቀብላት ነበር።

ሥራዬ ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ መስፋት ነው። ስለ ጨርቅ ሱቅ፣ ስለ ጥልፍ ክርና ስለ ስፌት መኪና ብትጠይቁኝ ምስክርነቴ አያልቅም። ዛሬ ግን የምመሰክረው ስለ አንድ ክሊኒክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች የሚከታተሉበት ነው። የምትመራው ያቺው ፋርማሲስት ናት። ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም፣ ቅሬታም አለኝና። ስምንት ወር ተመላልሰናል። ለሴትየዋ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለክፍሉ ሁለት ተኩል፣ እሱም በችሮታ።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ላሳጥረው። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። የልብ ምቷ የተዛባ ነው። እንደዚህ ባለ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ዋርፋሪኑ የታዘዘላት ለዚህ ነው። ኅዳር ላይ ሆዷን ቆረጣት። «አሜባ ነው» አለች፤ ምርመራውንም ሕክምናውንም ራሷ ጨረሰችው። ሰፈር ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄጄ ሜትሮኒዳዞል ገዛሁ። ሻጩ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «የአገር ውስጥ ይሁን የውጭ?»

በአምስተኛው ቀን ነስር ጀመራት። እንደ ልማዳችን አናቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስን። አልቆመም። ነጠላዋን ጨረሰ፣ ፎጣ አቀበልኳት፣ ፎጣውንም ጨረሰ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አይኤንአር የሚሉት፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ የደም ምርመራ 7.8 አለ። ደም ማቅጠኛ የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። የእማዬ ከ2 እስከ 3 መሆን ነበረበት። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን ቶሎ እንዳያስወግድ ያግደዋል፤ ስለዚህ ዋርፋሪኑ ደም ውስጥ ይከማቻል። በዚያ ላይ እጥፉ ኪኒን አለ። ያንን ግን ያኔ ማንም አላወቀም፤ የታወቀው ፌስታሉ የተዘረገፈ ዕለት ነው።

መድኃኒት ሻጩ ጥፋተኛ ነው? እኔም ዋርፋሪን ትወስዳለች ብዬ አልነገርኩትም። ግን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛ መጥታ «ቀሚስ ስፊልኝ» ስትል ሜትር አንስቼ የምነሳው እኔ ነኝ። የትከሻሽን ስፋት ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አላውቅም።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። የሚከፈተው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡00። ላቦራቶሪውን አልፋችሁ፣ የተሰበሩ አልጋዎች የተደረደሩበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ለቆ ወድቆ ካገኛችሁት አንሱና መልሱት፣ እኔ ሁለቴ መልሼዋለሁ። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና አንድ የማይዘጋ መሳቢያ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አርባ ደቂቃ ፈጀ። እማዬ በመጀመሪያ «ሲስተር» አለቻት። «ሲስተር አይደለሁም እማማ» አለች። ሁለተኛ «ዶክተር» አለቻት። «ዶክተርም አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ።» እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ «መድኃኒት የሚሸጡት?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ። ሴትየዋ ሳቀችና ወንበሯን ወደ እማዬ አስጠጋች።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ጎመን በሳምንት ስንት ቀን ይበላሉ? ሲያምዎ ዳማከሴ ይጠጣሉ? ጤና አዳም ቡና ውስጥ ነው ወይስ ጨምቀው? በቅርቡ መርፌ ተወግተዋል? ጥርስዎን ሲፍቁ ይደማል? ሰገራዎ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ያውቃል? ጸበል ሲገቡ መድኃኒት ያቆማሉ? በዚህች በመጨረሻዋ እማዬ ዝም አለች። ታቆማለች። ሴትየዋ አልተቆጣችም። «ጸበሉን ይጠጡ፣ ይህንንም አይተዉ። ንስሐ አባትዎን ይጠይቋቸው፣ እሳቸውም ይህንኑ ነው የሚሉዎት» አለቻት። እማዬ ጠየቀች። ይህንኑ አሏት።

ጎመኑ ግን አከራከረ። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው፤ እሱ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። እማዬ ጎመን ልትከለከል የመጣች መስሏት ቀድማ ተዋጋች። «ጎመን በጤና ሲባል አልሰማሽም የኔ ልጅ?» «ሰምቻለሁ እማማ። አልከለክልዎትም። የሚበሉትን ያህል ይብሉ፣ ግን በየሳምንቱ ያው ይሁን። አንድ ሳምንት ድስት ሙሉ፣ አንድ ሳምንት ባዶ ከሆነ እኔ መድኃኒቱን በምን ልለካው?» ይሄ ለእኔ ገባኝ። በየሳምንቱ የሚወፍርና የሚከሳ ሰው ቀሚስ ስፊልኝ ቢለኝ ምን አደርጋለሁ?

አሁን ወደ ርእሱ እንምጣ። ጥር ላይ አይኤንአሩ 3.6 ሆነ፣ ትንሽ አልፏል። በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊግራም፣ በሳምንት 35 ነበር የምትወስደው። ሴትየዋ ወደ 30 ልታወርደው ፈለገች፤ ሁለት ቀን ግማሽ፣ አምስት ቀን ሙሉ። የትኞቹን ቀናት? እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና «እማማ፣ የጾም ቀን ግማሽ» አለች። ረቡዕና ዓርብ። በቃ። እማዬ ረቡዕና ዓርብን ስታ አታውቅም። እኔም በልቤ አጨበጨብኩ። የካቲት መጀመሪያ ላይ 2.4 ሆነ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ገብቷችኋል አይደል? ለእኔ አልገባኝም ነበር። መጋቢት ላይ ስንሄድ 1.4 ሆኖ ተገኘ። ደሟ እንደ ልብ ሊረጋ ነው ማለት ነው። ሴትየዋ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። «ጎመን በዝቷል?» አለች። በዝቷል፣ ጾም ነው። ሴትየዋ ግን በዚህ አልረካችም። «እማማ፣ ትናንት ስንት ዋጡ?» «ግማሽ።» ትናንት ሰኞ ነው። «ከትናንት ወዲያስ?» «ግማሽ። ጾም አይደል እንዴ? አንቺ እኮ ነሽ ያልሽኝ።»

55 ቀን ጾም ነው። በየቀኑ ግማሽ ስትወስድ ሳምንቱ ሲደመር 17.5 ይሆናል፤ ከታዘዘላት ግማሽ በጥቂት ብቻ ይበልጣል።

ለዚህች ሴት አምስት የሰጠኋት ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። እኔ «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ። «የእርስዎ ስህተት አይደለም እማማ፣ የእኔ ነው። እኔ ያልኩትን ነው በትክክል የፈጸሙት» አለች። ከዚያ ከኋላዋ የቆሙትን ተማሪዎች ጠራች። ስድስት ናቸው፤ የመጨረሻ ዓመት የፋርማሲ ተማሪዎች። ጉዳዩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፣ ያለ ሽፋን። «እኔ ቀላል ያደረግሁ መስሎኝ ነው። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አንዷ ልጅ «ሁዳዴን ረሱት» አለች። «ሌላስ?» ዝም። ያን ጊዜ እማዬ ከወንበሯ ሆና ገባች፦ «በሃምሳውስ? በሃምሳው ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ሙሉ ልውጥ ነበር።»

ከፋሲካ በኋላ ያሉትን 50 ቀናት ሴትየዋም አላሰበቻቸውም። ከልቧ ደነገጠች። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። መምህር በተማሪዎቹ ፊት ከበሽተኛ ሲማር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትእዛዙን ለወጠችው፤ ሰባት ቤት ያለው የመድኃኒት ሳጥን፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ በቀይ ግማሽ ክብ ተሥሎበታል። ጾም የሚባል ቃል የለበትም። ከዚያ «አሁን እርስዎ ያስተምሩኝ» አለቻት። እማዬ ከሰኞ እስከ እሑድ አስተማረቻት። ሁልጊዜም ቀጠሮው እንደዚህ ነው የሚያልቀው። «ገባዎት?» የሚባል ጥያቄ የለም፤ እንዲህ ከተጠየቀ እማዬ ለማንኛውም «አዎ» ነው የምትለው።

ስለ ተማሪዎቹ ካነሳሁ፣ አንዱ ልጅ በአንድ ወቅት ለእማዬ ሲያስረዳ «የደም መርጋት ሂደትን የሚገታ» ምናምን አላት። እማዬ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። ፋርማሲስቷ «ለአያትህ እንደምትነግራት አድርገህ ንገራት» አለችው። ልጁ አሰበ፣ አላበው፣ «እማማ፣ ደምዎ እንዳይቋጠር ነው» አለ። «ተባረክ» አለችው እማዬ።

ሌላ የማልረሳው የአይጡ ነገር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከስልኩ አንብቦ «ይኼ እኮ የአይጥ መርዝ ነው» አላት። ሦስት ቀን አቆመች፤ ለእኔም አልነገረችኝም። ክሊኒክ ስንሄድ አወጣችው። እኔ ፋርማሲስቷ «ውሸት ነው» እንድትል ጠበቅሁ። እሷ ግን «እውነቱን ነው» አለች።

ከዚያ የከብት ታሪክ ነገረቻት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ያለ ምክንያት እየደሙ መሞት ጀመሩ። እንደ ማገጥ ያለ መኖ ነው የሚበሉት፤ ድርቆሹ ሲሻግት ነው ጉዳቱ። በ1933 አንድ ገበሬ የሞተች ጊደርና በወተት ዕቃ ሙሉ የማይረጋ ደም ጭኖ፣ በበረዶ ውስጥ ነድቶ፣ ዊስኮንሲን ወደሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ደረሰ። ካርል ፖል ሊንክ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ዓመታት ፈጅቶ ከድርቆሹ ውስጥ ነገሩን ለየው። ከዚያ ዘር የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ የወጣው በእርግጥም ለአይጥ ነው። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። በሚቀጥለው ዓመት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ወሰዱት።

እማዬ የመንዝ ገበሬ ልጅ ናት። ፕሬዚዳንቱ አላስደነቋትም። የሻገተ ድርቆሽ ግን ታውቃለች። «አባቴም የሻገተ አያበላም ነበር» አለች። ሴትየዋ ደግሞ «ለአይጥ ሳይለካ ይሰጣል። የእርስዎን በየወሩ የምንለካው ለዚህ ነው» አለቻት። ያን ማታ ዋጠች።

አይኤንአሩ እስኪደርስ ስንጠብቅ ስለ ሥራዋ ጠይቄያት አውቃለሁ። ለእኔ ፋርማሲስት ማለት ከመስኮት የሚወጣ እጅ ነበር፤ ፊት እንኳ የለውም። እሷም በመስኮቱ ጀምራለች። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ የፋርማሲ ትምህርት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ሲል ተማሪዎች በሽተኛ አልጋ አጠገብ መለማመድ ጀመሩ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ሰሞን የክሊኒካል ፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ከፈተ። እሷ የዚያ ፍሬ ናት። ክሊኒክ በሌለባቸው ቀናት ጠዋት ከሐኪሞች ጋር ዋርድ ትዞራለች። የአንዱ ኩላሊት ደክሞ ከሆነ የዲጎክሲኑ መጠን ይቀነስ ትላለች፤ ሁለት መድኃኒት አብረው የማይሄዱ ከሆነ ትናገራለች። ከሰዓት ታስተምራለች። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሐኪሞች «አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» ዓይነት ፊት ያሳዩዋት ነበር። አሁን ኮሪደር ላይ አስቁመው ይጠይቋታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እኛን አስጠብቀው።

ግድግዳዋ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለጀመረው የመድኃኒት ደኅንነት ዘመቻ የሚናገር ወረቀት አለ። ግቡ ልንከላከለው የምንችለውን ከባድ የመድኃኒት ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ መቀነስ ነበር። በተለይ ይታዩ የተባሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አደገኛ መድኃኒቶችና ሁኔታዎች፣ ብዙ መድኃኒት አንድ ላይ መውሰድ፣ እና በሽተኛ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዘዋወር። ዋርፋሪን፣ ፌስታሉ፣ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቤት። እማዬ ሦስቱንም አሟልታለች። ስለ ነስሩም ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከውን ቢጫ ቅጽ ሞላችላት። እማዬ «ክስ ነው?» አለች። ክስ አይደለም። ሌላ ሰው እንዳይደማ ነው።

ቅሬታዬን ደግሞ ስሙ። ሁለት ቀን ብቻ መከፈቱ አንድ ነው። የምርመራው ኬሚካል በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አልቋል፤ ያን ጊዜ ወደ ግል ላቦራቶሪ መሮጥ ነው፣ በራስ ብር፣ ውጤቱም ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል። ሴትየዋ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ ክሊኒኩ አብሮ ፈቃድ ወጣ። በሩ አይዘጋም። እናቴ ስለ ሰገራዋ ስትጠየቅ ስድስት ተማሪና ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይሰማል። ተማሪ ይማር፣ ልጄም ቢሆን ይማርባት፤ ግን አንድ መጋረጃ ስንት ብር ነው? ጨርቁን እኔ ልስጥ ብዬ ነበር። «በግዥ ክፍል ነው የሚሆነው» ተባልኩ።

የማዘዣ ጽሑፍም ሌላ ጣጣ ነው። ካርዷ ላይ «ማታ 12 ሰዓት» ይላል። እህቴ ሜሪላንድ ናት፤ የካርዱን ፎቶ ልኬላት በእማዬ ስልክ ላይ ማስታወሻ ደወል ከሩቅ ሞላችላት። ሞላችው በፈረንጅ አቆጣጠር። አንድ ሳምንት ሙሉ እማዬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እየተነሳች ስትውጥ ከርማለች፣ «ሰዓቱን እሷ ናት ያለችው» ብላ። አሁን ፋርማሲስቷ ለሁሉም «ፀሐይ ስትጠልቅ» ብላ ነው የምትጽፈው። ደብተሯ ላይ ይህም ሳይገባ አይቀርም።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ፌስታሉን እንዳለ ውሰዱት። ለይታችሁ፣ አሳምራችሁ አትውሰዱ። የቤት ውስጡንም ጨምሩበት። ይህን የምለው ባለፈው ማክሰኞ በሆነው ነው። ፍልሰታ ነበር፣ ሳጥኑ በትክክል ተወስዷል፣ ጎመኑም በልክ ነው። ቁጥሩ ግን 3.3። «አዲስ የጀመሩት ነገር አለ?» «የለም።» «ሻይ? ቅጠል?» «የለም አልኩሽ የኔ ልጅ።» ሴትየዋ የደም ግፊቷን ልትለካ ጠጋ አለች። ቀና ብላ አየቻት።

«እማማ፣ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።»

ከማርና ከዝንጅብል ጋር የተቀጠቀጠ ነው፣ በብርጭቆ ዕቃ፣ አልጋዋ ሥር። ጠዋት ጠዋት ሁለት ማንኪያ። እኔም አላውቅም ነበር። «ወጥ ውስጥ ያለውን አልነካም፣ ይህ ግን የመድኃኒት ያህል ነው፤ ከዋርፋሪኑ ጋር ሊያደማ ይችላል» እያለች ስትጽፍ፣ እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።